የላላው የት ጋ ነው

«ከኋላዋ ቤቱን ተሸክመው ቢወጡ እኮ አታውቅም» አለ አጎትየው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። የዞረው መንገዱን ሊያይ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቱ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም፤ ሰው የሚላትን የምትለቅመው ከከንፈሩ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ እሷ በፊቷ የማይባል ነገር ማለት ያማረው ዘመድ ሁሉ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ያ መስኮት አፍ ቢኖረው ኖሮ ቤተሰቡ ይኼኔ ተበታትኗል። ልብስ ሰፊዋ ግን እጇን ስፌት መኪናዋ ላይ አሳርፋ የወንድሟን ጀርባ ታያለች፤ ጀርባ ማንበብ ከቻለች ቆይታለች።

ሰውየው የተቆጣው እንዲያው በባዶ ሜዳ አልነበረም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ደረጃው ላይ ተገትሯል። የበሩን ደወል ተጭኗል፣ ደግሞ ተጭኗል፤ በመጨረሻ የማይሰማ ሰው በር መሆኑን እያወቀ በጡጫ ደብድቧል፤ የላይኛው ፎቅ ሰዎች አንገታቸውን በመደገፊያው አውጥተው እስኪያዩት ድረስ። ያስገባችው የሌላኛዋ እህቱ ልጅ ናት፤ ዳቦ ይዛ ስትመጣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሞ አግኝታው በራሷ መክፈቻ ከፈተችለት። ሲገቡ ልብስ ሰፊዋ በሩ ፊት ለፊት ተቀምጣ የቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘመች ነበር። ደወሉ ሲጫን የሚበራው፣ ከበሩ በላይ የተሰቀለው መብራት ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየበራ እየጠፋ ቢሆን ኖሮ እንዴት አታየውም? አልበራም ማለት ነው። ያንን መብራት የሰራችው ደግሞ ዳቦ ይዛ የቆመችው ልጅ ናት።

«ኢንጂነር፣ ይኼ የሳሙና ዕቃሽ አይደለም እህትዎን ይጠብቅልዎታል ያልሽኝ?» አላት።

«የላላ ነገር አለ ጋሼ። እስከ አስር ሰዓት ጊዜ ይስጡኝ።»

አጎትየው ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እህቱ ዞሮ፣ ለሁለቱም እንዲሆን ቃላቱን እየቆረጠ ተናገረ። አስር ሰዓት ይመለሳል። ደወሉን ሦስት ጊዜ ይጫናል። ሦስቱንም ጊዜ እህቱ ራሷ ተነስታ ከከፈተች ስለዚህ ክፍል ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። አንዴ ከሳተች ግን ነገ ጠዋት የዕቃ መኪና ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከቤቱ ጀርባ፣ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ፣ አንድ ክፍል አስጠርጎላታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሌሊት ሌሊት እህቱ እሳት ተነስቶ ሳትሰማ ስትቃጠል በሕልሙ ያያል፤ ይኼ የምትኖርበት ቤትም በስሙ ነው፤ ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውን ቆራጥ ያደርጉታል። ልብስ ሰፊዋ አንድም ቃል አላመለጣትም። አሥራ አንድ ዓመት የኖረችባትን ክፍል፣ ጨርቆቹን በየቀለማቸው የደረደረችበትን መደርደሪያ፣ በርን ከውስጥ የምትቆልፍበትን መቀርቀሪያ አንድ በአንድ በዓይኗ ዞረቻቸው፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ መርፌው ስር ያለውን ጨርቅ ገፋ አደረገች።

ኢንጂነር የሚለውን ስም ለልጅቷ ያወጣላት ይኸው አጎቷ ነው፤ ለፌዝ። እሷ ግን እንደ ዲፕሎማ ተቀብላ ለበሰችው፤ አሁን ሰፈሩ በሙሉ በሱ ነው የሚጠራት። የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠችም። የተማረችው መስታወቱ ከተሰነጠቀ ስልክ፣ ሰው ከጣላቸው ሬዲዮኖችና ራሷ አቃጥላ ከጣለቻቸው ነገሮች ነው። ስትሰራ አጠገቧ ቆሞ ምክር የሚለግሳት ሰው ካለ የጋለውን የብየዳ ካውያ ትዘረጋለትና «እንካ፣ አንተ ጨርሰው» ትለዋለች፤ እስከ ዛሬ የተቀበላት የለም። የሰራችው ነገር ተበላሽቶ ሲመለስባት የሰውየውን አጠቃቀም ትሰድባለች እንጂ ስራዬ ነው ብላ አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ስራዋ አልነበረም።

ደወሉ ደወል ይባል እንጂ ድምፅ የለውም። በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ በተርታ የተደረደሩ አራት ቀያይ ኤልኢዲዎች፣ ጥቃቅን አምፖሎች፣ ናቸው፤ እያንዳንዷ የአተር ፍሬ ታህላለች። አንድ ባትሪ፣ ኤልኢዲዎቹ ከልክ በላይ ጠጥተው እንዳይቃጠሉ የሚገድቡ ሬዚስተሮች፣ ከዚያ በበሩ ጉበን ስር ሾልከው ደረጃው ላይ የሚወጡ ሁለት ሽቦዎች፤ በቃ። ውጪ ያለችውን መጫኛ ልብስ ሰፊዋ አክስቷ እንዲሁ ባዶዋን አልወደደቻትም፤ ከቁልፍ ሳጥኗ የድሮ ካፖርት ትልቅ ቁልፍ አውጥታ አስለጠፈችባት። «ቁልፉን ይጫኑ» የሚል ወረቀት ከጎኑ ሲለጠፍ ደንበኞች ሳቁ፤ የልብስ ሰፊ ቤት ነው፣ ያምርበታል አሉ። ለሦስት ወር አንድ ቀን ሳያሳፍራት ሰራ። ካለፉት ጥቂት ሳምንታት ወዲህ ነው አልፎ አልፎ አልበራ ማለት የጀመረው።

አጎቷ እንደወጣ ስራዋን በስርዓት ጀመረች። ባትሪውን በቴስተር ለካች፤ ሙሉ ነው። ሳጥኑን አውርዳ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችና ሁለቱን ሽቦዎች አነካካች፤ አራቱም ቦግ አሉ። ከኤልኢዲ ሁለት እግሮች አንዱ ረጅም ነው፤ ረጅሙ ፖዘቲቭ፤ ቢገለበጥ ኤሌክትሪኩን አያሳልፍም። የተገለበጠ የለም። መልሳ ሰቀለችው። ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ ጠበቀች። አክስቷ ተነስታ ከፈተች። ደግማ ዘግታ ተጫነች። ምንም። አሁንም ተጫነች። ምንም። በመክፈቻዋ ገብታ በእጇ ጠየቀች፤ በርቶ ነበር? አክስትየው የአምስት ጣቶቿን ጫፍ ገጥማ እንደ ሻማ እፍ አለችባቸው። አልበራም።

ሙሉ በሙሉ የተበላሸ ነገር ደግ ነው፤ ተበላሽቻለሁ ብሎ ቁጭ ይላል። የላላ ነገር ግን ሲያዩት ይሰራል፣ ዞር ሲሉ ይቀልዳል። የዚህኛው ክፋት ደግሞ የሚጫኑት ከውጪ፣ የሚበራው ከውስጥ መሆኑ ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱም ቦታ መቆም አይችልም። ኢንጂነሯ ዘዴ አላጣችም። ቁልፉን እንደተጫነ በፕላስተር አጣበቀችና እየሮጠች ገባች። አራቱም ኤልኢዲዎች ፏ ብለው በርተዋል። አክስቷም የእሷን አገባብ አይታ ቀና አለችና ወደ በሩ አናት ተመልክታ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ፣ አሁን በራ። ያኔ ተገለጠላት። በሩ ሲከፈት ይገናኛል፣ ሲዘጋ ይላላል! ሽቦው በጉበኑ ስር ሲያልፍ በሩ እየነከሰ ውስጡን በጥሶታል ማለት ነው። በራሷ ኮራች። ሽቦውን ከበሩ አናት በላይ ባለው የአየር ማስገቢያ ማሳለፍ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አዲስ ሽቦ ያስፈልጋል።

የመለዋወጫ ሱቁ ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ፀጉር ቤትና ከአንድ ሬሳ ሣጥን ሠሪ መሀል ተሸጉጧል። ባለሱቁ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ ላይ እንዳጎነበሰ፣ ቀና ሳይል፣ በጫማዋ ድምፅ አወቃት።

«ኢንጂነሯ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አቃጠልሽ?»

«ያንተን ዕቃ ነዋ። ሳይቃጠል የመጣ ካለህ እሱን ስጠኝ።»

ሳቀ። ሽቦው በሜትር ካለፈው ሳምንት በሩብ ጨምሯል፤ ለምን ብላ ስትጠይቀው መዳብ ተወደደ አለ፣ ራሱ ቆፍሮ የሚያወጣው ይመስል። ለሳምንት ስልኳ ላይ የምትሞላውን አውጥታ ሰባት ሜትር ሽቦ፣ አራት አዳዲስ ኤልኢዲና አራት ሬዚስተር ገዛች። ነገሩ አስጨንቋት ስለነበር፣ ማንንም ጠይቃ የማታውቀው ልጅ፣ እንደ ዋዛ አድርጋ ችግሩን ነገረችው። ሰውየው የሬዲዮውን ሽቦ በጥርሱ እየላጠ አዳመጣት። ሁሉንም ቀይረሽ እምቢ ካለሽ ያልቀየርሽውን ጠርጥሪ አላት። ያልቀየርኩት ምን ቀረ ብትለው፣ እኔ ምን አውቄ፣ ያልቀየርሽው ነዋ አለና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። ደደብ መልስ ነው ብላ ሄደች።

ስድስት ሰዓት ላይ አዲሱ ሽቦ በአየር ማስገቢያው አልፎ ተዘርግቷል። ተጫነች፤ አክስቷ ከፈተች። ተጫነች፤ አልከፈተችም። ተጫነች፤ አልከፈተችም። አራተኛው ላይ ከፈተች፣ ፈገግ ብላም ነበር። ኢንጂነሯ ሳጥኑን አውርዳ አራቱንም ኤልኢዲ ነቅላ በአዲስ ተካች፤ ሬዚስተሮቹንም፤ ብየዳውን በሙሉ አቅልጣ እንደገና በየደች። ካውያው አውራ ጣቷን ላሰው፤ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ በአንድ እጇ ቀጠለች። ጠዋት ያመጣችው ዳቦ እንደተጠቀለለ ደርቋል። ሰባት ሰዓት ሆነ። ተጫነች። አልተከፈተም። የደረጃው ግድግዳ ላይ ግንባሯን አስደግፋ፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንደሆነ፣ በልቧ እስከ ሃያ ቆጠረች። በሩ ዝም አለ። ከላይኛው ፎቅ የሚወርድ ሰው አይቷት፣ ልጄ አሞሻል እንዴ ብሎ አለፈ። አላመማትም። ነገ ጠዋት መኪናው መጥቶ ስፌት መኪናዋ፣ ጨርቆቿ፣ አልጋዋ ሲወርዱ፣ ተሸካሚዎቹ የሚያልፉት በዚህ ቁልፍ አጠገብ ነው፤ እሱን እያሰበች ነበር።

ገብታ፣ ምናልባት አላየሽው ይሆናል አለቻት። ልብስ ሰፊዋ እንዲያ ስትቆጣ አይታት አታውቅም። ሁለት ጣቶቿን ከዓይኖቿ ስር ተክላ ወደ በሩ አናት ወረወረቻቸው፤ እያየሁት ነበር። ቀጥላ ጣቷን ሳጥኑ ላይ ጠቁማ፣ ያንኑ ጣት ከንፈሯ ላይ አጣመመችው። ውሸታም ያንቺ መብራት ነው። ኢንጂነሯ ቆሽቷ አረረ። አጎቷ በስራዋ ቢያፌዝ ለምዳዋለች፤ ይቺ ግን የመጀመሪያዋን ሬዲዮ ስትፈታ የቁልፍ መያዣ ክዳን ለብሎን ማስቀመጫ የሰጠቻት፣ ወሬዋን በሙሉ ከከንፈሯ ላይ ለቅማ የምትስቅላት ሴት ናት። ሳጥኑን ቦታው ሰቅላ፣ አልጋው ስር ጀርባዋን አስደግፋ፣ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ያች ክፍል ሁልጊዜ ፀጥ ያለች ናት፤ የዛሬው ፀጥታ ግን የኩርፊያ ነበር፣ መኪናው ብቻ ይንጣጣል።

እንደዚያ እንደተቀመጠች ነው መብራቱ የበራው። ቀይ፣ አራቱም፣ ጥርት ብለው። ማንም አልነካቸውም፤ በሩ ዝግ ነው፤ ውጪ አንድ ደንበኛ ቁልፉን ተጭናለች። ኢንጂነሯ ደስታ አናቷን መታው። ይሰራል፣ በሩ ተዘግቶም ይሰራል! አክስቷ ስትነሳ ለማየት ዞረች። ልብስ ሰፊዋ አልተነሳችም። መብራቱ ከፊት ለፊቷ፣ ከሦስት እርምጃ ማዶ ነው፤ እሷ መርፌው ላይ አፍጥጣ ጨርቁን ትገፋለች። ጠፋ። ደግሞ በራ፣ አሁን ረዘም አለ፤ ደንበኛዋ ትዕግሥቷ እያለቀ ነው። የቀዩ ብርሃን ነፀብራቅ የስፌት መኪናው አንገት ላይ ሳይቀር ያርፋል። እግሯ ፔዳሉ ላይ፣ ዓይኗ መርፌው ላይ። ሦስተኛ ጊዜ በራና ጠፋ። ከዚያ በደረጃው እየተቆጣ የሚወርድ የጫማ ድምፅ ተሰማ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ኢንጂነሯ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። በአንድ ጊዜ የእነዚያ ሳምንታት ሁሉ፣ የዛሬው ጠዋትም፣ የሰባቱም ሜትር ሽቦ ትርጉም ገባት።

ከተረፉት ኤልኢዲዎች አንዷን አነሳች፤ ሁለት እግሮቿን ሳንቲም በምታህል ባትሪ ግራና ቀኝ አቆነጠጠቻት፤ በራች። ተነስታ ከአክስቷ ጀርባ ቆመች። ቴስተር ከነጥብ ወደ ነጥብ እንደምታዘዋውረው፣ መብራቷን ከአክስቷ ቀኝ ጆሮ አጠገብ ጀምራ ቀስ አድርጋ ወደ ፊት አመጣቻት። ጉንጯ ጋ። ምንም። የቅንድቧ ጫፍ ጋ። ምንም። አፍንጫዋ ፊት ለፊት ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ ብርግግ ብላ ደነገጠች። በግራ ሞከረች፤ እዚያው አፍንጫዋ ጋ። ከላይ አወረደች፤ እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ አክስትየው የሚደረገው ነገር ገባት። እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ፊቷ ላይ የመጣው ነገር ቁጣ አልነበረም፤ ሰው ሳያንኳኳ የገባባት ሴት ፊት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ጎትታ አስቀመጠቻትና በጣቷ ጠረጴዛው ላይ የሰሃን ስፋት ያለው ክብ ሰራች፤ ቀድሞ ይኼን ያህል። የብርጭቆውን አፍ ዞረችው፤ አምና ይኼን። ከሳጥኗ አንድ የኮት ቁልፍ መርጣ ዓይኗ ላይ አደረገች፤ አሁን ይኼን። መርፌው ሁልጊዜ መሀሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትሰፋለች። ፊቷን በትክክል ወደ በሩ አናት ካነጣጠረች መብራቱንም ታየዋለች፤ ካላነጣጠረች የለም። ዙሪያው ጥቁር ነው ብላ ጠየቀቻት ኢንጂነሯ። አክስቷ አሰበችበት። ጥቁር እንኳ አይደለም፤ ምንም ነው። ብቻዋን ሐኪም ዘንድ ሄዳለች፤ ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ ነግሯታል፤ ከጆሮዋ ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው፣ እየጠበበ ይሄዳል፣ መድኃኒት የለውም። ማን ያውቃል ብላ ጠየቀቻት ኢንጂነሯ። ጣቷን የእህቷ ልጅ ደረት ላይ አሳረፈች። አንቺ። አሁን።

ከዚያ የወንድሟን ምልክት፣ ጢሙን፣ በሁለት ጣቷ ከከንፈሯ በላይ ስባ የሚመጣውን አንድ በአንድ አሳየቻት። ክፍሉን ቢወስድብኝ ሌላ ክፍል ውስጥ እሰፋለሁ። ዓይኔን ካወቀ ግን መጀመሪያ የሚያነሳው መኪናዬን ነው፤ መርፌ ይወጋታል ብሎ፤ ደግ ስለሆነ። ከዚያ በኋላ እጄን ይዘው ያስቀምጡኛል፣ እጄን ይዘው ያነሱኛል። ሁለት እጆቿን አንድ ላይ አቆላልፋ ጭኗ ላይ አኖረቻቸው፤ ዝም በሉ የተባሉ እጆች ነበሩ፤ በእጁ ለሚያወራ ሰው አፍ እንደ መስፋት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የላላው የት ጋ እንደሆነ ታውቋል፤ የታወቀ ነገር ደግሞ ይሰራል፤ ኢንጂነሯ እንዲያ ነው የምታምነው። የአክስቷ ዓይን ወደ መብራቱ ካልሄደ፣ መብራቱ ወደ ዓይኗ ይምጣ። መርፌው አጠገብ! አንድ ኤልኢዲ ነቅላ በረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ በየደቻት፤ በሕይወቷ ከሰራቻቸው ብየዳዎች ሁሉ ያማረው እሱ ነበር፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ። ኤልኢዲዋን በፕላስተር ስፌት መኪናው አንገት ላይ፣ ከመርፌው አንድ ጣት ከፍ አድርጋ ለጠፈቻት። የተረፈው ሽቦ ግን ግድግዳውን ተከትሎ አይዞርም፤ አጠረ። ከበሩ አናት በመቃኑ ጎን ወርዶ በወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ መምጣት አለበት። ነገ በግድግዳው አሳልፈዋለሁ፤ ዛሬ ይለፍ። ፕላስተሩ ሁለት ቦታ ላይ ለጥፋ አለቀ። ወንበር ላይ ወጥታ የደወሉን ሽቦዎች በእጇ አነካካች፤ መርፌው አጠገብ ቀይ ቦግ አለ፤ አክስቷ እጇን አነሳች። ደግማ አነካካች፤ እጇን አነሳች። ለሦስተኛው ጊዜ አልደረሱም። በደረጃው የአጎትየው ሳል እየወጣ ነው።

ተጫነ። መብራቷ በጨርቁ ላይ ቀላች። ልብስ ሰፊዋ ከመቅጽበት አየቻት። መኪናዋን አቆመች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ተነሳች። ፊቷን ቀጥ አድርጋ በሩ ላይ ተከለችና፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ነገር አደናቅፏት በማያውቅ ወለል ላይ፣ እንደ ሙሽራ ተራመደች። ወለሉ የኮት ቁልፍ ከምታህለው የዓይኗ ቀዳዳ ውጪ ነው። ሽቦው ፕላስተሩን ለቆ አንድ ጣት ያህል ተነስቶ መወጠሩን ኢንጂነሯ ያየችው ያኔ ነው። «አክስቴ!» ብላ ጮኸች። ለማን እንደምትጮህ ትዝ ያላት ከጮኸች በኋላ ነው።

አወዳደቋ ከባድ ነበር፤ በሙሉ ቁመቷ። ከውጪ አጎትየው ደወሉን ደጋግሞ ይጫናል፤ ከመርፌው አጠገብ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ኢንጂነሯ ደግፋ ስታስቀምጣት የአክስቷ ከንፈር ደምቷል፤ መዳፎቿ ወለሉን እየዳበሱ የጣላትን ነገር ይፈልጋሉ። ከመክፈት ሌላ ምርጫ አልነበረም።

አጎትየው ገብቶ እህቱን መሬት ላይ አያት። ምን ሆነች አለ፣ ማንም ሳይመልስለት ተንበረከከና በመሐረቡ ከንፈሯን ጠረገላት፤ እጁ ገር ነበር። ከዚያ ሽቦውን አየው። ነጭ ሽቦ ነው፤ ወለሉ ጥቁር ቡናማ ነው፤ የአስር ሰዓት ፀሐይ በላዩ ላይ ተዘርግቷል።

«ይኼን አላየችውም?» አለ ቀስ ብሎ። «በዚህ ብርሃን?»

አልቸኮለም። ሽቦውን አነሳው፣ እህቱን አያት፣ ደግሞ ሽቦውን። የጠዋቱ ግማሽ ሰዓትም ትዝ እያለው መሆኑ ግንባሩ ላይ ይታይ ነበር። ሁለት ጣቶቹን አንስቶ ወደ እህቱ ፊት፣ ከጎን በኩል፣ መዘርጋት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ አላየችውም። እያየች ያለችው የእህቷን ልጅ ነው።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ኢንጂነሯ። የጣቱ ጉዞ ቆመ። መብራቱ አልበራም አለችው። ሲጫኑ ጠበቅሁ፣ አልበራም፤ እንዳላፍር ብዬ በእጄ ምልክት ሰጥቼ አስነሳኋት፤ እየሄደች ሳለች የተበጠሰ መስሎኝ ሽቦውን ስስበው እግሯ ስር ገባ። ይኼን ሁሉ ሳትተነፍስ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ አንድ ጊዜ ሳትሰናከል ነገረችው።

አጎትየው ጣቶቹን አጠፈ። ፊቱ ላይ የታየው ንዴት ብቻ አልነበረም፤ የሚያስፈራ ነገር ሊያይ ሲል ያለፈው ሰው እፎይታ ነበረበት። ቀስ እያለም ድምፁ ወደ ለመደው ፌዝ ተመለሰ። ከስልክ የተማረ ኢንጂነር እንዲህ ነው፤ እሱ ራሱ ነው ጥፋተኛው፣ እህቱን ለሳሙና ዕቃ አደራ የሰጠ። ሌላም ብዙ አለ። በሌላ ቀን ቢሆን ከሦስቱ ቃላት ሁለቱን ትመልስለት ነበር። ሰውየው ግን ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሦስት ጊዜ ብያለሁ፣ ሁለት ይቀረኛል ብሎ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋው።

ኢንጂነሯ መኪናው አንገት ላይ ያለችውን ኤልኢዲ ያዘች። ብየዳውን በጥፍሯ ገፋችው፤ አልተነቃነቀም። ጠመዘዘችው፤ እምቢ አለ። ደህና ብየዳ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። የተቃጠለው አውራ ጣቷ እስኪደማ ሦስቴ አጠማዘዘችውና አራተኛው ላይ ቀጭ ብሎ ተለያየ። ወንበር ላይ ወጥታ ከበሩ አናት ያለውን ባትሪም ነቀለችው። ውጪ ቁልፉ ሲጫን ትንሽ ቀጭታ ተሰማ። ክፍሉ ውስጥ ምንም አልሆነም። እንደገና ቀጭ አለ። ምንም።

«በራ?» አለ አጎትየው ከበሩ ውጪ።

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን ቀና አድርጋ ነበር። በዚያች በቀረቻት ቀዳዳ የምታየው የእህቷን ልጅ ከንፈር ብቻ ነው። ኢንጂነሯ ወደ መስኮቱም ወደ በሩም አልዞረችም። ወደ አክስቷ ዞራ፣ ቃሉ እንዲነበብ አፏን በደንብ ከፍታ፣ «አልበራም ጋሼ» አለች። «ስራዬ ነው የተበላሸው።»